ግድግዳችን ላይ ስለሰቀላችሁልን ማዕበል

ለክቡር የባሕር ማጓጓዣ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ ሙሉ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የማይነቃነቅ ሆኖ እንዲያገኝዎት ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ማለት ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጥ መልስ ስለሆነ እርስዎም ባይጠይቁን ድርሻዎን እነሆ።

እኔን አያውቁኝም። መሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ ብዙ ተመላልሻለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ በመኪና በጓሮ በር ስለሚገቡ፣ እኔም በፊት በር ገብቼ በዚያው ስለምመለስ መንገዳችን ሳይገጣጠም ቀረ። ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ዣንጥላ ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። የተከሰሰው፣ የተባረረው፣ ወንድሙ የካደው ሁሉ መጥቶ ሆዱን ይዘረግፍልኛል፤ እኔም ያንን ሁሉ ለቅሶና ስድብ «በታላቅ አክብሮት» እና «እንደሚታወቀው ሁሉ» በሚሉ ቃላት ጠቅልዬ አስረክበዋለሁ። በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ከለመደው የተነሣ አክብሮቱ ቢበዛብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት በማዕበል የጠፋችው የጭነት መርከብዎ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር። ባልደረቦቹ «ሼፍ» ይሉት ነበር፤ ከመጥበሻው በቀር የሚያዘው ሰው ግን አልነበረውም። በመርከቧ ላይ የነበሩት በጠቅላላው ሰባት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ በስልክ «ግንኙነት ተቋርጧል» ተባልን። ቀጥሎ «ፍለጋው ተጀምሯል» ተባልን። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ሁሉ «ፍለጋው ቀጥሏል» ነው። በሄድኩ ቁጥር የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ተስፋ አይቁረጡ» ይሉኛል፤ ብድግ የሚሉት እንድወጣላቸው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የሌሎቹን ቤተሰቦች አድራሻ ብጠይቅ «የግል መረጃ ነው» ተባልኩ። ቀጠሮ ሲሰጠንም ለየብቻ፣ በየተራችን፣ በተለያየ ቀን ነበር። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለመርከቧ የውሃ ፓምፕ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ፤ ግን ወደ ፓምፑ ኋላ እመለሳለሁ።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ፍለጋው ቀጥሏል ሲባሉ እሳቸውም በበኩላቸው ቀጠሉ። ሸሚዞቹን በየሳምንቱ ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፣ ተኩሰው መልሰው ይሰቅላሉ። «ሲመጣ የቁም ሳጥን ሽታ እንዳይለብስ ብዬ ነው» ይላሉ። በር ኳ ባለ ቁጥር ከእኔ ይቀድማሉ፤ ጉልበታቸው ለሌላ ነገር እንዲያ አይታዘዛቸውም። እኔ ደግሞ ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ «አለ» ልበል ወይስ «ነበረ» እያልኩ፣ አፌ ውስጥ ግሥ ሳገላብጥ ዓመቱ አለቀ።

እንግዲህ መሥሪያ ቤትዎ ነገር በቁጥር ሲቀርብለት ደስ እንደሚለው ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስጦታው ግዝፈት አመሰግናለሁ። ሁለት ሰዎች በፒክ አፕ ጭነው አመጡልን። ፍሬሙ ወርቅማ፣ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ፣ ስፋቱ ከምግብ ጠረጴዛችን የሚበልጥ ሥዕል ነው። «ሰፊው ግድግዳ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያለን ግድግዳ አንድ ነው፤ የቀረው በር፣ መስኮትና ቁም ሳጥን ነው። እዚያ የነበረውን የቀን መቁጠሪያ አንሥተው አስታቀፉኝና ድሪላቸውን ሰኩ። ለምን እምቢ አላልሽም ይሉኝ ይሆናል። «ከመሥሪያ ቤት ተልከን ነው» የሚልና ድሪል የያዘ ሰው ፊት እምቢታ ቶሎ አይመጣም፤ እስኪመጣልኝ ድረስ ማዕበሉ ተሰቅሎ አልቆ ነበር። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ «ለሪፖርት ነው፣ ከሥዕሉ አጠገብ ቁሚልን፤ ትንሽ ፈገግ በዪ» አለኝ። ፎቶውን ካዩት፣ የቀን መቁጠሪያ ታቅፋ ዓይኗን የጨፈነችው ሴት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። አብሮ የመጣው በራሪ ወረቀት ሥዕሉ ከጥንት ታላላቅ የባሕር ሥዕሎች የአንዱ ጥራት ያለው ቅጂ መሆኑን፣ የባሕር ትዕይንት ለሳሎን ግርማና እርጋታ እንደሚሰጥ፣ ከፀሐይና ከእርጥበትም መጠበቅ እንዳለበት ያስረዳል። ስለ እርጥበቱ የተሰጠው ምክር ለመርከቧም ደርሷት ቢሆን ምንኛ መልካም ነበር። ከወረቀቱ ጀርባ ሌሎች ሥዕሎችም ታትመዋል። ጸጥ ያለ ወደብ አለ። ሸራዋን ነፋስ ሞልቶት የምትሄድ መርከብ አለች። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚያደርቁበት ዳርቻ አለ። መሥሪያ ቤትዎ ይህን ሁሉ አይቶ፣ አገላብጦ፣ ምናልባትም ኮሚቴ ሰብስቦ፣ ለእኛ የመረጠልን የምትሰጥም መርከብ ነው። ምሰሶዋ ተሰብሮ በጎኗ ተጋድማለች፤ ጥቁር ውሃ እንደ ገደል ቆሞባታል፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ሰዎች ጣውላ ላይ ተንጠልጥለው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። ሠዓሊው ጎበዝ ነው፤ ያስቀረው ነገር የለም።

አማቴ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ክቡር ሆይ፣ አማቴ ባሕር አይተው አያውቁም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሥዕል ነው፣ እማ። ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ ስጦታ ነው።»

«ባሕር እንዲህ ነው እንዴ?»

ባለቤቴ በደወለ ቁጥር «እማ፣ ባሕሩ ሲሚንቶ ወለል በዪው፤ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ብታስቀምጪበት አይደፋም» ይላቸው ነበር። እሳቸውም አምነውት፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጃቸው ወለል ላይ እንደሚሠራ ሲያወሩ ኖረዋል።

«ወለል ነው ብሎኝ ነበር እኮ» አሉና ጫማቸውን ሳያወልቁ ቁጭ አሉ።

ላውርደው ስል ከለከሉኝ። «ተዪው። እሱ ያየውን እኔም ልየው» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉ ፊት መቀመጥ ሥራቸው ሆነ። ውሃው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ይመረምራሉ። አንድ ቀን ከጣውላው ጫፍ ላይ ወዳለው ሰው እያመለከቱ «ይኼኛው በጆሮው እሱን አይመስልም?» አሉኝ። ሥዕሉ እኛ ከመወለዳችን በፊት፣ በሰው አገር የተሣለ መሆኑን፣ እነዚያም ሰዎች እኛን የማያውቁ ሰዎች መሆናቸውን ላስረዳቸው ሞከርኩ። «አውቃለሁ» አሉኝ፤ «የእነሱስ እናት እንዲህ የምትፈልግበት ዓይን የላትም ወይ?» ከዚያ በኋላ ማስረዳቴን ተውኩ። ወጥ እያማሰልኩ በጀርባዬ ማዕበል፣ ስተኛ ከፊቴ ማዕበል፤ ቤታችን እንደ በራሪ ወረቀቱ አባባል እርጋታ አገኘ።

ሦስተኛ፣ ስለ ናሱ ጽሑፍ አመሰግናለሁ። ከፍሬሙ ሥር፣ መካከል ላይ፣ ጠባብ የናስ ሰሌዳ አለ። ሲመጣ በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍኖ ስለነበር ጌጥ መስሎን አልነካነውም። አማቴ አቧራ ሲጠርጉ ላስቲኩ ጫፉ ተነሣና ላጡት። ማንበብ የተማሩት በስተርጅና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፊደል ካዩ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን፣ ሳያነቡ አያልፉም። ከሥራ ስመለስ ላስቲኩን በእጃቸው ጨብጠው አገኘኋቸው። ናሱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በሥራ ላይ ሳለ ሕይወቱ ላለፈው ባልደረባችን መታሰቢያ።»

«ልጄ፣ መቼም አንቺ የቢሮ ቋንቋ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ሕይወቱ ያለፈ ማለት በቢሮ ሌላ ትርጉም አለው?»

ክቡር ሆይ፣ ለስንቱ ቃል ሳበድር የኖርኩ ሴት በዚያች ሰዓት ለራሴ አጣሁ። «የለውም፣ እማ» ብቻ ነው ያልኩት።

አላለቀሱም። ወደ ውጭ ወጡና ሸሚዞቹን ከገመድ ላይ አወረዱ። ገና አልደረቁም። እርጥባቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸው እስኪርስ ድረስ ከዚያ አልተነሡም። በዚያው ሳምንት ስደውል የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎ «ፍለጋው ቀጥሏል» ብለውኝ እንደነበር ለታሪክ ያህል ልጥቀስ። ባለቤቴ በስልክ በሕይወት አለ፤ በናስ ሞቷል። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች እንዲህ ሳይገናኙ መሥራታቸው የሚደነቅ ነው።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደከመኝ። ቁጥሩን ትቼ የቀረውን ሰው ለሰው እንደሚያወራው ላውራዎት።

በነጋታው አማቴ «እንመልስላቸው» አሉ። ሥዕሉን አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሌላ ቦታ ስላጣን ወንበር ላይ አቆምነው። ረዳቱ መጥቶ «እናት፣ ይኼ ሰው ነው እንዴ ወንበር የያዘው?» ሲላቸው፣ አማቴ ቀና ብለው አዩትና «ሰባት ሰው ነው» አሉት። ልጁ ሥዕሉን አየ፣ እኛን አየ፤ ከዚያም ወደ ኋላ አልፎ ሄደ። መሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ጥበቃው ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ነገረን። ዕቃው ከዚያው የወጣ መሆኑን አስረዳነው። ወጪ ዕቃ ተመልሶ ስለመግባቱ መመሪያ ስላላገኘ ትከሻውን ነቅንቆ አሳለፈን።

እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፈን ተቀመጥን። ብዙም ሳንቆይ አንዲት ሴት በአንሶላ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር እየጎተተች ገባች። አንሶላው ከጫፉ ሲገለጥ ያው ወርቅማ ፍሬም፣ ያው የተሰበረ ምሰሶ ነው። ሴትየዋ የእኛን ሥዕል አየች። እኔ የእሷን አየሁ።

«የማን ናችሁ?» አለችን።

«የሼፉ» አልኳት።

አንሶላውን ከእጇ ለቀቀችው። «እኔ የመካኒኩ ነኝ» አለች፤ መጥታም አማቴን ጉልበታቸውን አቅፋ ሳመቻቸው። ዓመት ሙሉ እንዳንተዋወቅ በየቀናችን የተቀጠርን ሰዎች፣ ያለ ቀጠሮ ስንመጣ በፍሬም ተዋወቅን። ስለዚህ ውለታዎ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይኼኛው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም።

የመካኒኩ ሚስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝን እዚህ ላይ ከፍ አድርጌ ልጻፈው። ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ከወደብ ከመነሣታቸው በፊትም አይሠራም ነበር። ባሏ ለአለቆቹ ተናግሯል። «ደርሰህ ስትመለስ ይታያል» ተብሏል። ይህን ለመሥሪያ ቤትዎ ስትናገር ምርመራ ላይ ስለሆነ ለማንም እንዳታወራ መክረዋታል። እሷም ፈርታ ለማንም አላወራችም።

ምክትልዎ ወጡ። ወጣት ናቸው፣ ትሑት ናቸው፣ ከረቫታቸው አምሮባቸዋል። ከአማቴ ፊት ጎንበስ ብለው «እናቴ፣ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ፍለጋው እንደቀጠለ…» ሲሉ አማቴ አቋረጧቸው።

«ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። እስቲ እቺን አንብብልኝ» አሉና ናሱን አሳዩአቸው።

ምክትልዎ አዛውንት ለማገዝ ተንበርክከው ማንበብ ጀመሩ። ደህና አንባቢ ናቸው። «ሳለ» ድረስ ጥሩ ሄዱ፤ «ሕይወቱ» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀጠነ።

«ጨርሰው» አሉ አማቴ።

ጨረሱት።

«እንግዲህ የቱን ልመን? አንተን ወይስ ይኼን?»

ምክትልዎ ተንበርክከው እንዳሉ «ፍለጋው ቆሟል፣ እናቴ። ከቆመ ቆይቷል» አሉ። «ማን ይንገራቸው፣ ማን ይንገራቸው ስንባባል ነው እዚህ የደረስነው።»

አማቴ ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው። «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉ። «ይኼን ለመናገር እኮ አፍ ይበቃ ነበር።»

በዚህ አጋጣሚ ምክትልዎን እንዳይቀጧቸው እማጸናለሁ። ከዚያ ሕንፃ ውስጥ እውነት ሲናገር ያየሁት ሰው እሳቸውን ብቻ ነው፤ ይህ ከሥራ መመሪያ ጋር የሚጋጭ ከሆነም የመጀመሪያ ጥፋታቸው ነው።

ሥዕሎቹን እዚያው ትተን ወጣን። ደረጃው ሥር ስንደርስ አማቴ ቆሙ። እስከዚያች ሰዓት ያልጠየቁትን፣ ልጃቸው በሕይወት አለ በተባለበት ጊዜ ሊጠየቅ የማይችለውን፣ የመካኒኩን ሚስት ጠየቋት።

«ልጄ ብቻውን ነበር?»

ሴትየዋ እጃቸውን ያዘች። «አልነበረም፣ እማማ። ከወደብ ብዙ አልራቁም ነበርና ስልኩ ይሠራ ነበር፤ ባሌ ማምሻውን ደውሎልኝ ነበር። እሱ ማሽን ክፍል ፓምፑን ይፈታል፣ ልጅዎ መብራት ይዞለት አጠገቡ ቆሟል። ‹ውጣ ብለው እምቢ አለኝ› ብሎኛል ባሌ። ከኋላ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ‹ንገራት እንጂ፣ ያበሰለውን ራት አቀዘቀዝኩበት በላት› እያለ ይስቅ ነበር።»

አማቴ፣ ክቡር ሆይ፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እሱ ነው» አሉ። «ወጡ ከቀዘቀዘ አገር ይያዝልኝ የሚል እሱ ነው።» ሳቃቸው ሳይጨርስ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ሁለታችን በግራና በቀኝ ያዝናቸው። ሠራተኞችዎ ለምሳ ሲወጡ በጎናችን በጥንቃቄ ያልፉ ነበር።

የመካኒኩ ሚስት የአንድ መርከበኛ አባት ቤት ታውቅ ነበር፤ እኚያ አባት ደግሞ የሌሎቹን ያውቁ ኖሯል። እሑድ ሰባታችንም ቤተሰቦች በእኛ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ወንበር ላይ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ግማሹ በር ላይ ቆሞ፣ ሰዎቻችንን አለቀስናቸው። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሰው ሲያወራ ሌላው ደግሞ ስለዚያው ሰው ከራሱ ሰው አፍ የሰማውን ይጨምርለታል። ባለቤቴ የባሕር ሰዎችን በጥሬ ሽንኩርት እንዳሰቃያቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዓመት ሙሉ ለየብቻ የተሸከምነው ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ አልቀለለም፤ ግን ስንት እጅ እንደሚይዘው አየን። አሁን ሲጠይቁኝ «ነበረ» እላለሁ። ቃሉ ያማል፤ ቢሆንም ከአፍ ይወጣል።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት ነገር ትንሽ ነው። ከእንግዲህ የሚነግሩን ነገር ካለ፣ ስለ ፓምፑም ሆነ ስለ ምርመራው፣ ሰው ልከው በቃል ይንገሩን፤ ሰባታችንንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ይጥሩን። ሥነ ጥበብ አያስፈልገንም። ግድግዳችንም ከዚህ በላይ ባሕር አይችልም።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ላላደረጉልንም ሁሉ፣ በከፍተኛ አክብሮትና ከወገብ ዝቅ ባለ ምስጋና፤

ከሼፉ ሚስት፣
ማመልከቻ ጸሐፊ፣
ዘንድሮ ደግሞ አመልካች።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትተን የወጣነውን ሥዕል ጥበቃዎ ሮጦ ተከትሎን «ዕቃ ረስታችኋል» ብሎ መልሶልናል፤ ለታማኝነቱ እናመሰግናለን። ሥዕሉን አውጥተን የሰባቱን ፎቶግራፍ ልናስገባበት ፍሬም ሠሪ ዘንድ ይዘነው ሄድን። ሰውየው ገና ሲያየው የራሱ ሥራ መሆኑን ዐወቀ። «ሠላሳ ነው ያዘዙኝ፤ ጽሑፉም ሁሉም ላይ አንድ ነው፤ የተረፈውን መጋዘን አስገብተውታል» አለን። እኛ ሰባት ነን። የቀሩት ለማን እንደተዘጋጁ ቢነግሩን፣ መርከባቸው ሳትነሣ ቤታቸውን ሄደን እናንኳኳ ነበር።